የስም ጭሰኞች

አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ተጋፍቶ ሬስሊንግ ያየ ልጅ አንድ ቀን መርዶ ይደርሰዋል። ታላቅ ወንድሙ ወይም አንድ የሰፈር ጎረምሳ ይመጣና "ውሸት እኮ ነው፤ ተነጋግረው ነው" ይለዋል። ልጁ ይከራከራል፣ ይቆጣል፣ ያኮርፋል። ከዓመት በኋላ ግን ያንኑ መርዶ እሱ ራሱ ለታናናሾቹ ይነግራል። ቅብብሉ ባሕር ተሻግሯል። ዛሬም ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ፍራንክፈርት ባለ ሳሎን ልጆች ቴሌቪዥን ላይ ሲያፈጡ፣ አባት ከሶፋው ላይ ሆኖ "ውሸት ነው" ማለቱ አይቀርም።

ይህ አባባል ብልህ ይመስላል፤ ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። "ውሸት ነው" ብሎ የጨረሰ ሰው ውሸቱን ለመሥራት ማን በጀርባው እንደሚወድቅ፣ የወደቀውን ማን እንደሚያሳክመው፣ ጡረታውን ማን እንደሚከፍልለት አይጠይቅም። ተመልካቹ ልብ ወለዱን ገመዱ በተዘረጋበት መድረክ ላይ ሲፈልግ ትልቁ ልብ ወለድ ሌላ ቦታ ተጽፎ ይገኛል። እሱም በሥራ ውሉ ላይ ነው። ዋና ገጸ ባሕርዩም "ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር" ይባላል፤ በአማርኛ ነጻ ተቋራጭ ማለት ነው።

የዓለማችን ትልቁ የሬስሊንግ ኩባንያ ደብሊው ደብሊው ኢ ሥራውን የሚያደራጅበትን መንገድ ማየት ይበቃል። ሳምንታዊውን ትርኢት የጸሐፊዎች ቡድን ያረቀዋል፤ የበላይ አለቃ ያርመዋል፣ ያጸድቀዋል፤ አንዳንዴም ትርኢቱ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ቀዶ ይጥለዋል። ማን እንደሚያሸንፍ ከላይ ተወስኖ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ግጥሚያ አንድ ፕሮዲውሰር ይመደባል። ብዙውን ጊዜ ራሱ የቀድሞ ሬስለር ነው፤ ከተፋላሚዎቹ ጋር ተቀምጦ የፍልሚያውን ሂደት ያቅዳል። ዳኛው ጆሮው ውስጥ ትንሽ መስሚያ አለችው። ከመጋረጃው ጀርባ፣ በቀድሞው ሬስለር በጎሪላ ሞንሱን ስም "ጎሪላ" ከሚባለው ቦታ፣ "ጊዜው አልቋል፤ ጨርሱ" የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ዳኛው ጎንበስ ብሎ የቆሰለ የሚያይ መስሎ ለሁለቱም ሹክ ይላቸዋል። ልብሱ፣ የመግቢያ ሙዚቃው፣ ማይክ ይዞ የሚናገረው ቃል፣ ሽንፈቱና ድሉ ሁሉ በኩባንያው እጅ ያልፋል።

እንግዲህ መቼ እንደሚሸነፍ በዳኛ ጆሮ በኩል የሚታዘዝ ሰው ነው "ነጻ" የተባለው።

የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ተቀጣሪ ነው ወይስ ተቋራጭ የሚለውን ለመለየት ሦስት ነገሮችን ይመለከታል። አሠራሩን የሚወስነው ማን ነው? የገንዘቡን ነገር የሚቆጣጠረው ማን ነው? የሁለቱ ወገኖች ግንኙነትስ ምን ዓይነት ነው? ቧንቧ የሚጠግን ባለሙያ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይሠራል፤ ዋጋውን ይናገራል፣ መሣሪያውን ይዞ ይመጣል፣ ጨርሶ ይሄዳል። ሬስለሩ ግን ለአንድ ኩባንያ ብቻ እንዲሠራ ይፈርማል። ለተፎካካሪ መሥራት አይችልም። ውሉ ሲቋረጥ እንኳ ብዙውን ጊዜ 90 ቀን ሌላ መድረክ ላይ ሳይታይ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ አድርጎ ግን በኩባንያው ቁጥር ውስጥ የለም። ደብሊው ደብሊው ኢ ለባለአክሲዮኖች ባወጣቸው ዓመታዊ ሪፖርቶች የሠራተኞቹን ብዛት ሲናገር፣ ሬስለሮቹ ነጻ ተቋራጮች ስለሆኑ በቁጥሩ አልተካተቱም ብሎ ይጽፍ ነበር። የሒሳብ ባለሙያው ሠራተኛ ነው፤ ፖስተሩን የሚሸጠው ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ፖስተሩ ላይ ያለው ሰው ግን አይደለም።

በአገር ቤት ተረት የሌሊት ወፍ ግብር አትከፍልም። ወፎች ሲጠይቋት ጥርሷን አሳይታ "እኔ አይጥ ነኝ" ትላለች፤ አይጦች ሲመጡባት ክንፏን ዘርግታ "እኔ ወፍ ነኝ" ትላለች። የሬስሊንግ ኢንዱስትሪም ታሪኩ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኩባንያው በኒው ጀርሲ የሕግ አውጪዎች ፊት ሬስሊንግ እውነተኛ የስፖርት ውድድር ሳይሆን መዝናኛ ነው ሲል አስረዳ። ዓላማው ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥር፣ ከፈቃዱ፣ ከግብሩ፣ ከግጥሚያ በፊት ከሚደረገው የሐኪም ምርመራ ለመላቀቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ጋዜጦች "ውሸት መሆኑን አመኑ" ብለው ተሳለቁ። ከሳቁ መካከል ግን ዋናው ነገር አመለጠ። ጥርሷን ያሳየችው የሌሊት ወፍ ግብሩን አስቀርታለች።

ከ31 ዓመት በኋላ በሚያዝያ 2020 ዓለም በወረርሽኝ ተዘግቶ ሳለ የፍሎሪዳ ግዛት አገር አቀፍ ተመልካች ያላቸው የፕሮፌሽናል ስፖርትና የሚዲያ ሥራዎች ሠራተኞች ከቤት መውጣት ይችላሉ ብሎ ወሰነ። ደብሊው ደብሊው ኢ በኦርላንዶ ትርኢቱን የቀጠለው በዚህ ፈቃድ ነው። ያኔ ክንፏ ተዘረጋ፤ ሬስሊንግ "ፕሮፌሽናል ስፖርት" ሆነ፤ ፈቃዱም "ሠራተኞች" በሚል ቃል ተጠቀመ። ፈቃዱ ከወጣ ቀናት ሳይቆዩ በሚያዝያ 15 ኩባንያው በርካታ ሬስለሮችን አሰናበተ። እንደ ሠራተኛ እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ሰዎች እንደ ተቋራጭ ተሰናበቱ።

ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ አብዛኛው የአሜሪካ ዳያስፖራ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በዲሲና በአካባቢው በራሱ መኪና ሰው የሚያመላልስ ሀበሻ ሁሉ በደብሊው-2 እና በ1099 መካከል ያለውን ልዩነት ከማንም የሕግ መምህር በላይ ያውቃል። ደብሊው-2 ያለው ሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብሩን ግማሽ አሠሪው ይከፍልለታል። 1099 የተላከለት ሁለቱንም ግማሽ፣ 15.3 በመቶውን፣ ራሱ ይችላል። የሥራ አጥ መድን፣ የሕመም ፈቃድ፣ የአሠሪ የጤና ኢንሹራንስ የለውም። ሬስለሩም 1099 ነው። ለረጅም ዘመን የአውሮፕላን ትኬቱን ኩባንያው ሲከፍል ሆቴሉን፣ የኪራይ መኪናውን፣ ምግቡን ከኪሱ ሲችል ኖሯል። ከአንዱ ከተማ ወደሌላው በሌሊት የሚነዱት ያንን ወጪ ለመካፈል ሦስትና አራት ሆነው በአንድ መኪና ተጨናንቀው ነው። ቢሊዮን የሚቆጥር ንግድ የኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፈው በሚተኙ ግዙፍ ሰዎች ላይ ቆሟል።

ልዩነት የለም ማለት አይደለም። የታክሲ ሾፌሩ ቢያንስ ስልኩን ማጥፋት ይችላል። ስሙም የራሱ ነው። በሬስሊንግ ግን ስሙም የኩባንያው ነው፤ ከበደሎቹ ሁሉ የከፋውም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አማርኛ "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" ይላል። በዚህ ኢንዱስትሪ ግን ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም በንግድ ምልክትነት ተመዝግቦ ባለቤት አለው። አንድ ወጣት ወደ ማሠልጠኛው ሲገባ አዲስ ስም ይሰጠዋል። ያንን ስም በላቡ፣ በጉልበቱ፣ በአጥንቱ ያሳድገዋል። ሲሰናበት ስሙን አስረክቦ ይወጣል። የኮዲ ሮድስ ታሪክ ለዚህ ይበቃል። አባቱ ደስቲ ሮድስ በሚል የመድረክ ስም የታወቀ ታላቅ ሬስለር ነበር። ልጁ በ2016 ኩባንያውን ሲለቅ አባቱ ያገነነውን "ሮድስ" ይዞ መውጣት አልቻለም፤ ለዓመታት በሌሎች መድረኮች "ኮዲ" ብቻ ተብሎ ተጠራ። የስሙን መብት ያገኘው በ2020 ነው። በ2022 ተመልሶ በ2024 ሻምፒዮን ሲሆን ኩባንያው ታሪኩን የአባትና የልጅ ቃል ኪዳን አድርጎ ሸጠው። ስሙን በእጁ ይዞት የቆየው ማን እንደነበር ግን የድራማው አካል አልሆነም።

በተቃራኒው ድዌይን ጆንሰን አለ። "ዘ ሮክ" የሚለውን ስም ሙሉ ባለቤትነት ያገኘው በጥር 2024 ነው፤ የደብሊው ደብሊው ኢ እናት ኩባንያ በሆነው ቲኬኦ ቦርድ ውስጥ ሲገባ። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ተዋንያን አንዱ የሆነ ሰው የገዛ ስሙን ለመጠቅለል የቦርድ ወንበር ካስፈለገው፣ በኦርላንዶ ጂም ውስጥ የሚወድቅ የሚነሳው ጀማሪ ምን ተስፋ አለው?

ስም ሲሰጥ አገርም አብሮ ይሰጣል። ኮፊ ኪንግስተን ጋና ውስጥ የተወለደ ሰው ነው፤ ኩባንያው ግን መጀመሪያ ያቀረበው ጃማይካዊ አድርጎ፣ በጃማይካ አነጋገር እያናገረ ነው። በሚያዝያ 2019 ሻምፒዮን ሲሆን በአፍሪካ የተወለደ የመጀመሪያው የኩባንያው ሻምፒዮን ተብሎ ተወደሰ። አፍሪካዊነቱ ገበያ በማያወጣበት ጊዜ ተደበቀ፤ ሲያወጣ ተጎተተና ወጣ። "ከየት ነህ?" ለሚለው ጥያቄ በየቀኑ መልስ ለሚሰጥ ስደተኛ ይህ ቀልድ አይደለም።

ለዚህ ሁሉ በአማርኛ አንድ የቆየ ቃል አለ፤ ጭሰኛ። ጭሰኛ በሬውን ራሱ ያመጣል፣ ዘሩን ራሱ ይችላል፣ ጎርፍና አንበጣ ሲመጣ ኪሳራው የሱ ነው። መሬቱ ግን የባለርስቱ ነው፤ ባለርስቱ ሲከፋው ይነቅለዋል። ሬስለሩም የስም ጭሰኛ ነው። የሚያርሰው ስም የሌላ ነው፤ በሬው የገዛ አካሉ ነው። የኢትዮጵያ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው ሲወጡ የተከራከሩት ጭሰኛው ድሃ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ያለማው ነገር የሱ ስላልሆነ ነው። "ስም ለባለስሙ" የሚል ጥያቄም በዚሁ ምክንያት ትክክል ነው።

ታዲያ ለምን አይደራጁም? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለም ወይ? ሞክረዋል። በ1986 ከሁለተኛው ሬስልማኒያ በፊት ጄሲ ቬንቱራ ባልደረቦቹን በመልበሻ ክፍል ሰብስቦ የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ብሎ ነበር። ወሬው አለቃው ጆሮ ደረሰ፤ ነገሩም ተቀጨ። ቬንቱራ ደጋግሞ እንደተናገረው ያቀበለው የዘመኑ ትልቁ ኮከብ ሃልክ ሆጋን መሆኑን የሰማው ከዓመታት በኋላ፣ ኩባንያውን በሮያሊቲ ጉዳይ ከስሶ ምስክርነት ሲሰማ ነው። ያንን ክስ አሸንፎ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ተፈረደለት፤ በኋላም የሚኔሶታ ግዛት ገዥ ሆነ። ማኅበሩ ግን እስከ ዛሬ አልተወለደም።

እንቅፋቱ የሆጋን ምላስ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ የመደራጀት መብት የሚያስከብረው ለተቀጣሪ ነው፤ ከ1947 ማሻሻያ ወዲህ ነጻ ተቋራጮችን በግልጽ አስወጥቷል። ስለዚህ "ተቋራጭ" የሚለው ቃል የግብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰዎቹን ለድርድር እንዳይሰበሰቡ በር የሚዘጋ ቁልፍ ነው። ቁልፉን በፍርድ ቤት ለመስበር በ2008 ሬቨን በሚል ስም የሚታወቀው ስኮት ሌቪና ሁለት ባልደረቦቹ "እኛ ሠራተኞች ነበርን" ብለው ኮኔቲከት ውስጥ ከሰሱ፤ ክሱ ግን በቀጣዩ ዓመት ገና በመግቢያው ላይ ወደቀ። በ2016 ከ50 በላይ የቀድሞ ሬስለሮች በጭንቅላት ጉዳት ምክንያት ያቀረቡት ክስም በ2018 ተዘጋ፤ ይግባኙም አልሠመረም። የመጣው መልስ በአብዛኛው "ዘግይታችኋል" የሚል ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ከከሰሰ እንጀራው ይቋረጣል፤ ከለቀቀ በኋላ ከከሰሰ ጊዜው አልፏል።

በ2020 መኸር ኩባንያው ሬስለሮቹ እንደ ትዊችና ካሜኦ ባሉ መድረኮች በግላቸው ገቢ እንዳያገኙ ሲከለክል ተቃርኖው አደባባይ ወጣ። ነጻ ተቋራጭ ከሆኑ በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩትን ማን ይከለክላቸዋል? ዘሊና ቬጋ በኅዳር 13 ቀን ማኅበር መመሥረትን እንደምትደግፍ በትዊተር ጻፈች። ስንብቷ የተነገረው በዚያው ቀን ነው። የመልቀቋ ውሳኔ ከጽሑፉ ይቅደም ይከተል መከራከር ይቻላል። በመልበሻ ክፍል የቀሩት ግን ትምህርቱን ለመቅሰም ክርክሩን አልጠበቁም።

የኩባንያው ጠበቆችና አፍቃሪዎች ሦስት መልስ አላቸው። አንደኛው "ሚሊየነሮች ናቸው" የሚል ነው። ጥቂቶቹ ናቸው። የኤንቢኤ ተጫዋቾች ግን ከነሱ በላይ ሀብታም ናቸው፤ ከ1954 ጀምሮ ማኅበር አላቸው። ሀብትና መብት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደግሞም ማኅበር ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ስሙ ፖስተር ላይ ላልወጣው ነው፤ በየሳምንቱ ለኮከቡ የሚሸነፍለት ሰው።

ሁለተኛው "ወደው ፈርመው ነው" የሚል ነው። ጭሰኛም ወዶ ነበር የሚያርሰው፤ ሌላ መሬት ከየት ያመጣል? ደብሊው ደብሊው ኢ በመጋቢት 2001 ዋና ተፎካካሪውን ደብሊው ሲ ደብሊውን ገዛው። ከዚያ በኋላ ኤኢደብሊው በ2019 እስኪቋቋም ድረስ አሜሪካ ውስጥ የሬስለርን ጉልበት በትልቅ ዋጋ የሚገዛ አንድ በር ብቻ ነበር። አንድ በር ባለበት ገበያ ስምምነት የሚለው ቃል ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል። አዲሱ ተፎካካሪም ቢሆን አብዛኞቹን ሬስለሮች የያዘው በተቋራጭነት ነው። በሩ ሁለት ሆነ እንጂ ቁልፉ ያው ነው።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ ይከብዳል፤ እውነትነት ስላለው። ኩባንያው መድረክ ላይ የደረሰን ጉዳት ያሳክማል። ኤዲ ጌሬሮ በ2005 ከሞተ በኋላ የመድኃኒትና የጤና ምርመራ ሥርዓት ዘርግቷል። የቀድሞ ሬስለሮች ከሱስ እንዲላቀቁ ወጪያቸውን ይሸፍናል። ይህ በጎ ነው፤ ሕይወት የተረፈበትም ይሆናል። ነገር ግን ቸርነት ከመብት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ሰጪው ሲፈልግ ይሰበስበዋል። ሐኪሙን የሚቀጥረው፣ ሕጉን የሚያወጣው፣ ቅጣቱን የሚወስነው ያው አንድ ወገን ነው። በሌሎች ትልልቅ የአሜሪካ ስፖርቶች የጉዳት ደንብ የሚወጣው ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በሚደረግ ድርድር ነው፤ እዚህ ግን ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠ ሰው የለም።

ገንዘብ የለም ማለትም አይቻልም። በ2024 መጀመሪያ ከኔትፍሊክስ ጋር የተፈረመው ውል ለ10 ዓመት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ተነግሯል። በዚያው እናት ኩባንያ ሥር ያለው ዩኤፍሲ፣ ተፋላሚዎቹ ክፍያችንን በገበያ ኃይል አፍናችሁታል ብለው ባቀረቡት ክስ 375 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ በ2025 ጸድቋል። እነዚያም ነጻ ተቋራጮች ናቸው። ካሳው የተገኘው ግን ለዓመታት ተባብረው በመክሰሳቸው ነው።

በዚህ ሁሉ የሥነ ጽሑፍ ሰዎችም ከወቀሳ አያመልጡም። ሮላን ባርት በ1957 የታተመውን "ሚቶሎጂዎች" የተባለ መጽሐፉን የከፈተው በሬስሊንግ ነው። ተመልካቹ ፍልሚያው የተመከረበት ይሁን አይሁን ግድ እንደማይሰጠው፣ የሚፈልገው የስቃይ፣ የሽንፈትና የፍትሕ ምስል መሆኑን አሳየ። ድንቅ ትንተና ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ሬስሊንግ የሚጽፍ ምሁር ሁሉ የስቃይን ምስል ሲተነትን ስቃዩን ይረሳል። ሬስሊንግ የሕዝብ ቴአትር ነው ይላል፤ የቴአትሩን ደመወዝ መዝገብ አይገልጥም። ትርኢቱ ቴአትር ከሆነ ሠሪዎቹ የተዋንያን ማኅበር ውል ይገባቸዋል፤ ፊልም ላይ ከፎቅ የሚወድቅ የስታንት ባለሙያ አሜሪካ ውስጥ ማኅበር አለው። ስፖርት ከሆነ የተጫዋቾች ማኅበርና ገለልተኛ ሐኪም ይገባቸዋል። ሁለቱንም ነው ከተባለ ሁለቱም ይገባቸዋል። "ሁለቱንም ስለሆነ አንዱም አይገባውም" የሚለው ግን የሌሊት ወፍ ሕግ ነው።

በግንቦት 23 ቀን 1999 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ኦወን ሃርት የተባለ የ34 ዓመት ሬስለር ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ተንጠልጥሎ እንዲገባ ታቅዶለት ነበር። የመግቢያው ሐሳብ የትርኢቱ ነው፤ አስቂኝ ልዕለ ጀግና ሆኖ ሊወርድ። መያዣው ተላቀቀ፤ ከ20 ሜትር በላይ ወርዶ ሞተ። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ የትርኢቱ አካል መስሏቸው ነበር። የቴሌቪዥኑ አስተዋዋቂ ይህ ድራማ አይደለም ብሎ ለተመልካች መናገር ግድ ሆነበት። ሰውየው ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ትርኢቱም ቀጠለ። ተከታዮቹ ተፋላሚዎች ተራቸው ደርሶ እዚያው መድረክ ላይ ወጡ። ቤተሰቡ ከሶ በቀጣዩ ዓመት 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሆነ ስምምነት ተቋጨ።

ያን ምሽት በመጋረጃው ጀርባ ተራቸውን ይጠብቁ ከነበሩት ሰዎች መካከል "አንወጣም" ለማለት የፈለገ አልነበረም ማለት አይቻልም። ግን "አንወጣም" የሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊለው አይችልም። ውሉ የወሰደባቸው ያንን ብዙ ቁጥር ነው። ሳሎን ውስጥ "ውሸት ነው" የሚለው አባት ትክክል ነው፤ ለልጁ ሊያሳየው የሚገባው ግን ውሸቱ የተጻፈበትን ወረቀት ነው።